ሠራተኛዋ የሄደች ሰሞን

ሰሞኑን ከቻናል ወደ ቻናል የሚዞር አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ለናንተም ሳይደርሳችሁ አይቀርም፤ ለኔ ብቻ አራት ሰው ፎርዋርድ አድርጎልኛል፣ አንደኛው አጎቴ ነው። የዛሬ ወጣት ትዳር ለምን አይበረክትም የሚል ነው። መልሱም ያው የለመድነው ነው። ሴቶቹ ደሞዝ ማግኘት ሲጀምሩ አንገታቸው ደነደነ፣ ቲክቶክ አበላሻቸው፣ ሽማግሌ መስማት ቀረ፣ እናቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ከሥሩ ያለውን ኮሜንት ካነበባችሁት ደግሞ የባሰ ነው። ትዳር ያልያዘው ሁሉ ስለ ትዳር ያስተምራል።

እኔ ትዳር ይዣለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጅ አለን። ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ እንመለሳለን። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ ባለ አንድ መኝታ። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማስተዋወቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምለው ነገር ከራሴ ወጥ ቤት የወጣ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

የዛሬ ሁለት ወር ሠራተኛችን ሄደች። አንድ ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዋን በሩ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ» አለችኝ። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ባለቤቴ ስታረግዝ የመጣች ልጅ ናት፣ እኛ ጋ ሁለት ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀረውም ነበር። ባለቤቴ አቅፋት አለቀሰች፣ ከራሷ ልብስ ጨምራ ሸኘቻት። እኔ ግን፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ በልቤ ተናድጄባት ነበር። ምናለ ወሩን እንኳን ብትጨርስ እያልኩ።

በሦስት ቀን ውስጥ ቤቱ ተገለበጠ። እሑድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ከታች በጀሪካን ነው የሚቀዳው። ለካ ውሃው መጥቶ ሄዷል፤ ሁለታችንም አልሰማንም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ሃያ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ተሸክማ አራት ፎቅ ስትወጣና ስትወርድ የነበረችው ልጅቷ ናት። እኔ ውሃ ያለበት ቤት የምኖር ይመስለኝ ነበር። ሊጡ የሚጋግረው ጠፍቶ ኮምጥጦ ተደፋ። የልጁ ገንፎ እህል አልተፈጨም። የታጠበ ልብስ የለም፤ ይታጠብ ቢባል ውሃ የለም። ልጁ ያለቅሳል፣ ባለቤቴ ታቅፋው መሃል ቤት ቆማ እኔን ታየኛለች። እኔ ሶፋ ላይ ነኝ፣ ስልኬን ይዤ የደላላ ቁጥር እፈልጋለሁ።

ቁጥር መፈለጉ ለኔ ትልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ እኔ መፍትሔ እያመጣሁ ነው። መፍትሔውም ሌላ ልጅ ናት።

ጠቡ የተነሳው ያን ማታ ነው። የመጀመሪያው ጠባችን ማለት ይቻላል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ስለ ሰሃን፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ዳይፐር ተጨቃጭቀን አናውቅም። ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት በዚህ እኮራ ነበር። «እኛ ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር የለም፣ ተግባብተን ነው የምንኖረው» እላለሁ። ሠርጋችን ላይ ማይክ ይዤ ስለ እኩልነት የተናገርኩ ሰውዬ ነኝ፤ ቪዲዮው አለ። ያን እሑድ ማታ ነው የገባኝ፤ የምንጣላበት ሥራ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ እያለቀ ነበር። የሠለጠነው ትዳራችን ዋጋ በወር አምስት ሺህ ብርና ማታ ማታ ወጥ ቤት የምትዘረጋ ፍራሽ ነበረች። ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት የነበሩትን ጥቂት ወራት ደግሞ ማን ምን ይሠራ እንደነበር አላስታውስም። አለማስታወሴ ራሱ መልስ ነው።

እና ትዳር ለምን አይበረክትም ለምትሉ ወንድሞቼ የኔ መልስ ይህ ነው። የወጣቱ ትዳር የሚናጋው ሴቷ ደሞዝ ስላገኘች አይደለም። ሁለት ሰው ውጭ ሠርቶ በሚገባበት ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው የሚፈጅ ሥራ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ያንን ሥራ ወንዱ አንድም ቀን የኔ ነው ብሎት አያውቅም። ሠራተኛ እስካለች ድረስ ነገሩ ተሸፍኖ ይቆያል፣ የሄደች ቀን ይገለጣል። ሠራተኛ የመቅጠር አቅም የሌለው ባልና ሚስት ደግሞ፣ የቤት ኪራይ ግማሽ ደሞዝ በሚበላበት ከተማ ስንቱ ነው አቅም ያለው፣ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ተገልጦበት ነው የሚኖረው።

ከሕግ ጋር የተያያዘ አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ እሱን ላንሳ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ እንደሆነ፣ ሚስትም ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጥር 646ን ነው። ባልየው ለሚስቱ የቤት አገልጋይ ለማቆም አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የእሷ ነው የሚል ነበር። በቃ፣ ከአገልጋይ ቀጥሎ ተራው የሚስት ነው። ባል የሚባል ሰው በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስሙም የለም።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት አላቸው አለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ሲከራከሩ ቆይተው በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። አለቃና ታዛዥ የሚለውን ነገር ጠራርጎ ጣለው። መከባበሩም መተጋገዙም የሁለቱ ግዴታ ሆነ፣ ቤተሰቡን መምራት የሁለቱ እኩል መብት ሆነ። ቁጥር 646 ከተሻረ ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈው ማለት ነው። ታዲያ ያን እሑድ ማታ እኛ ቤት ውስጥ በሥራ ላይ የነበረው ሕግ የትኛው ነው? አገልጋይዋ ሄደች። እኔ ሳላዝ፣ እሷም ሳትጠይቀኝ፣ ባለቤቴ ልጁን አዝላ ወጥ ቤት ገባች። በ1992 የተሻረውን ሕግ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አጸናሁት።

«ኧረ እኔ እረዳታለሁ!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እል ነበር። ትልቋ ማምለጫ ይህች ቃል ናት። ሰው የሚረዳው በሌላ ሰው ሥራ ነው። ጎረቤቴ ቤት ሲቀይር ዕቃ በማውረድ እረዳዋለሁ፤ ሲደክመኝ «በል እንግዲህ ልሂድ» እለዋለሁ፣ አመስግኖ ይሸኘኛል። የራሴን ዕቃ ሳወርድ ግን ማንንም እየረዳሁ አይደለም። ሚስቴን «እረዳታለሁ» ስል ቤቱ የሷ ነው፣ እኔ አልፎ አልፎ ብቅ የምል ደግ ሰው ነኝ ማለቴ ነው። ደግሞ ምስጋናዬንም እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ሰሃን ያጠበ ባል ስቶሪ ላይ ይለጥፋል፣ እናቶች «ተባረክ» ይሉታል። እሷ በሳምንት ሰባት ቀን ስታጥብ «ተባረኪ» ያላትን ሰው አሳዩኝ።

ከሥራው በላይ ደግሞ ማሰቡ አለ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወንዶች በጭራሽ የማናየው ይህን ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ «ልጁን ለክትባት የምወስደው ማክሰኞ ነው፣ አስፈቅጃለሁ» አለችኝ። «የምን ክትባት? ጨርሶ የለም እንዴ?» አልኳት። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር አንዴ ተሰጥቶ በ15 ወር ይደገማል። ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው እኔ ቻርጀር የማስቀምጥበት ነው። በየቀኑ እከፍተዋለሁ። እንዲህ ያለውን ቁጠሩ። ዘይቱ መቼ ያልቃል፣ በርበሬው ለስንት ሳምንት ይበቃል፣ የአከራይዋ እናት ሰልስት መቼ ነው፣ የልጁ ጫማ ጠብቦታል፣ ጋዙ ካለቀ ስንት ቀን ሆነው፣ የዕቁቡ ቀን ነገ ነው ወይስ ከነገ ወዲያ። ይህ ሁሉ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው፣ የኔ ግን አይደለም። እኔ «ንገሪኝ እንጂ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ» የምል ባል ነበርኩ። እዚህ ላይ ደግሞ ሕጉ ተገልብጦ እሷ አለቃ፣ እኔ ታዛዥ መሆኔ ነው፤ አለቅነቱን ግን እሷ አልጠየቀችም፣ ሥራ ላይ ሥራ ነው የጨመረባት።

«ባህላችን አይደለም» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የትኛው ባህል? በየገዳሙ እንጨቱን የሚፈልጠውም፣ ውሃውን የሚቀዳውም፣ ዳቦውን የሚጋግረውም ወንድ ነው፤ ወንድነቱን የጠረጠረ የለም። ወታደር ካምፕ ውስጥ ወጥ የሚሠራው ወታደር ነው። እዚህ እንቁላል መጥበስ የማያውቀው የአክስቴ ልጅ ዲሲ ከገባ በኋላ ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ ፎቶውንም ይልክልናል፤ ለአራት ወንዶች አንድ አፓርታማ ተጋርተው ሲኖሩ ማን መጥቶ ሊሠራላቸው ነው? ስለዚህ ባህሉ ወንድ ወጥ አይሠራም የሚል አይደለም። ሴት ባለችበት ወንድ ወጥ አይሠራም የሚል ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ባህል ካነሳን አይቀር ሙሉውን እናንሳው። አያቴ ገበሬ ነበር። አዎ፣ ምጣድ ነክቶ አያውቅም። ግን ከንጋት ጀምሮ ሞፈር ተሸክሞ ይወጣል፣ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ጎጆ ይከድናል፣ አጥር ያጥራል። አያቴ እማማም ደግሞ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ያውም በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከሱ እኩል ማሳ ላይ ትውል ነበር። ሥራው ፍትሐዊ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አልነበረም። ግን የወንዱ ድርሻ የሚባል ነገር ነበር፣ ከባድም ነበር። እኛ ከተማ ስንገባ ሞፈሩንም ቀንበሩንም ጥለን ገባን። ጣሪያ የሚከድነው ኮንትራክተር ነው፣ አጥሩ የኮንዶሚኒየሙ ነው፣ እህሉ ከወፍጮ ቤት በኩንታል ይመጣል። የሷ ምጣድ ግን አብሮን ገባ፤ በዚያ ላይ የቢሮ ሥራ ተጨመረበት። ከአያቶቻችን ባህል ግማሹን ትተን ግማሹን ይዘናል፤ የተውነው የኛን ግማሽ ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። በሳምንቱ እናቴ ልትረዳን መጣች። እሷ ስትረዳ «መርዳት» ትክክለኛ ቃል ነው፣ ቤቱ የሷ አይደለምና። አንድ ማታ እኔ ሰሃን ሳጥብ ገብታ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ቀስ ብላ ሰሃኑን ከእጄ ወሰደችው። «ሂድ አረፍ በል ልጄ፣ ውለህ መጥተሃል።» ባለቤቴ ከኋላዋ ሽንኩርት እየላጠች ነው። እሷም ውላ ነው የመጣችው፤ እንዲያውም ከኔ በኋላ ነው የገባችው። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ምራቷን እንደ ልጇ ነው የምትወድ። ግን የሷን ድካም ለማየት ዓይኗ አልተገራም። እኔ ምን አደረግሁ? ሄጄ አረፍ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ባለቤቴ ያን ማታ ምንም አልተናገረችኝም። «እማዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ስትል ብቻ ሰማኋት።

እናቴ ሦስት ሳምንት ቆይታ ከተመለሰች በኋላ ነው ትልቁ ነገር የመጣው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ለሌላ ጉዳይ ደውላልኝ፣ በጨዋታ መሃል «እሷ እኮ ብትወዳደር ቦታው የሷ ነበር፣ ለምን እንደተወችው አልገባንም» አለችኝ። የምን ቦታ? ለካ መሥሪያ ቤቷ የቡድን መሪ ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ደሞዙ የተሻለ ነው፤ በወር ስምንት፣ ዘጠኝ ቀን መስክ መውጣት አለው። ባለቤቴ ማስታወቂያው ከተለጠፈ ጀምሮ ታውቃለች፣ ቀነ ገደቡ አልፎ ተዘግቷል፣ ለኔ ቃል አልተነፈሰችም።

ማታ ጠየቅኳት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

«እንደፈለግሽ አድርጊ ነው የምልሽ፤ መቼ ከልክዬሽ አውቃለሁ?»

«እሱን ነው የምልህ» አለችኝ። «‹እንደፈለግሽ› ትለኛለህ። ‹እንደፈለግሽ› ደግሞ ልጁን አያስተኛም።»

አልጮኸችም። ልጁን ታጥባ አስተኝታ የነገውን ምሳ ቋጥራ ስትጨርስ ነው የነገረችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ስምንት ዓመት የሠራችበት መሥሪያ ቤት ነው። ቦታውን ከእሷ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ወንድ ወሰደው፤ ባለትዳር ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ መስክ ሲወጣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝለት የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

ሚስቶቻችሁን አትከለክሉም፤ እሺ። ማናችንም አንከለክልም። መከልከል ቀርቷል። ክልከላው አሁን በቃል አይደለም የሚመጣው፣ በሌሊት ውሃና በልጅ ሳል ነው የሚመጣው። ሴቷ ገና ሳትጠይቀን መልሱን ቤቱን አይታ ታውቀዋለች። ከዚያ በየቻናሉ «ሴቶች ለምን ኃላፊነት ላይ አይታዩም፣ ዕድሉ ክፍት አይደለም ወይ» ብለን እንከራከራለን።

ስለ ልጅቷም ዝም ብዬ ላልፍ አልችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እኔ በዚህ ሕግ ተጠብቄ ነው የምውለው፤ አለቃዬ ቅዳሜ ከሰዓት ቢያስገባኝ አጉረመርማለሁ። ለትርፍ ላልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠር ሰው ግን በዚያ አዋጅ አይሸፈንም። በደንብ ይወሰናል ተብሎ ለሌላ ቀን ያደረ ጉዳይ ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅም እንዲሁ አሳድሮት ነበር። የቀራት ከአሠሪው ጋር የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋ፣ መኝታዋና ዕረፍቷ እንዲጠበቅ የሚናገሩት ያው የ1952ቱ ሕግ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። እነሱንም ማን አንብቧቸው? እኔ የሕግ ቁጥር ስፈልግ የከረምኩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሳለች፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ ትተኛለች፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃ ትቀዳለች። ቁጠሩት።

እኛ ክፉ አሠሪዎች አልነበርንም። ይህን ሁሉም አሠሪ ይላል። ደሞዟን በጊዜው እንከፍላለን፣ ከምንበላው ትበላለች፣ አንሳደብም። ግን የማታ ትምህርት መማር እንደምትፈልግ ሁለት ጊዜ ጠይቃን ልጁ ትንሽ ከፍ ይበል ብለናታል። መታወቂያዋን ደግሞ «እንዳይጠፋብሽ» ብለን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠን ነበር። የሄደች ቀን ስትጠይቀን ነው ትዝ ያለን። ቤሩትና ጅዳ ያሉ እህቶቻችን ፓስፖርታቸው ተነጠቀ ብለን ስናለቅስ፣ ከፋላ የሚባለውን ሥርዓት ስንረግም፣ «ማዳሞቹን» ስንሳደብ ከርመናል። ይህን ከዚያው ሆናችሁ የምታነቡ እህቶች ትኖራላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ዐረብ አገር ከመሄዳችሁ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ እንደኔ ዓይነት ሰው ቤት ሠርታችሁ እንደሄዳችሁ እገምታለሁ። እዚያው የምትሠሩትን ሥራ ነው እዚህ ስትሠሩ የነበረው፤ እዚያ ያለው ብር ይሻላል። ልጅቷ ተሳስታ ነው የሄደችው የሚል አፍ የለኝም።

ሕጉንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣውም። ያው የ2011ዱ አዋጅ ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን! እንግዳም ቢሆን ወጉ ሦስት ቀን ነው። አራተኛው ቀን ላይ እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ልጁን ማጠብ፣ ማስገሳት፣ በለቅሶው ምን እንደፈለገ መለየት የተማረችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ «ልጁ ካንቺ ጋር ነው የሚረጋው» ማለት ቀላል ነው። መቼ ከኔ ጋር ሊለምድ? አባቶች ረዘም ያለ ፈቃድ ይገባናል ብለን የምንጮኸው ግን የት ነው? ስለ ደሞዝ ጭማሪ ስንጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት ወንድ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ምን እያደረግን ነው ለምትሉኝ፣ ተአምር የለም። ልጁ ቀን ቀን ሰፈር ውስጥ ካለ የሕጻናት ማቆያ ይውላል፤ ዋጋው ለልጅቷ ከምንከፍለው ይበልጣል፣ ስለዚህ የቅዳሜው ሥጋ ቀርቷል። ተመላላሽ ቀጥረናል፣ አዎ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለልብስና ለጽዳት፤ አስር ሰዓት ላይ ትሄዳለች፣ ከዚያ ካለፈ ሒሳቡ ይጨመራል፣ መታወቂያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዋሺንግ ማሽን ግዙ ያላችሁኝ ጓደኞቼ ውሃውን አብራችሁ ላኩልኝ። የቀረውን ሥራ ቁጭ ብለን ከፋፈልነው። «እረዳሻለሁ» የሚለው ቀርቶ ሙሉ በሙሉ የኔ የሆኑ ነገሮች አሉ፤ ውሃ የኔ ነው፣ አስቤዛ ከነማሰቡ የኔ ነው፣ ልጁ ሌሊት ሲነሳ ተራው የኔ ነው፣ ማክሰኞ የነበረውን ክትባትም እኔ አስፈቅጄ ወሰድኩት። ጤና ጣቢያው ሰልፍ ላይ ከነበርነው አባት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት እናት «እናቱ አሟት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከልቧ አዝና ነው። እንጀራውን ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያውን አብሲት ሳልጥል ጋገርኩት፣ ዓይን የሚባል ነገር አላወጣም፤ ሁለተኛውን መሃሉ ላይ መብራት ሄደብኝ። ሦስተኛው እየቦካ ነው።

ቦታው ግን ተመልሶ አይመጣም። የቡድን መሪው ተሹሟል፣ ባለቤቴ ለሱ ሪፖርት ታደርጋለች። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስወጥታኛለች፤ «አሁን ሁሉም ነገር ተስተካክሏል» የሚል ነበር።

ኮሜንት ክፍት ነው። «ሚስቱን የፈራ»፣ «ፌሚኒስት»፣ «ወንድነቱን ያስመረመረ» የምትሉ ወንድሞቼ አሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱልኝ፤ ቤታችሁ ያለው ሊጥ የተቦካው መቼ ነው? የምታውቁት ከሆነ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሳትጠይቋት ግን። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ውሃ የሚመጣበት ሌሊት ነው፤ ጀሪካኖቹ እስኪሞሉ ድረስ ታች ቁጭ ብዬ አነባችኋለሁ።